ለቅሶ የከለከለኝ ማኅበር

"የተማርሽ ሰው ሆነሽ እንዴት አልነቃሽም?" ይሉኛል። ጥያቄው ትንሽ ስድብ አለበት፤ ቢሆንም መልስ ይገባዋል። ያልነቃሁት ምልክቱን ስለማላውቅ አልነበረም። የማውቀው ምልክት ሁሉ በተወለድኩበት አገር እምነት ውስጥ በክብር ተቀምጦ ስላየሁት ነው። ብዙ መጾም፣ ዓለምን መናቅ፣ ቤተሰብን ትቶ መሄድ፣ ራእይ ማየት፣ ለአንድ ቅዱስ ሰው መታዘዝ... ሰው የስሕተት ማኅበር መለያ ነው ብሎ የሚቆጥረው ይህንኑ አይደል? እኔ ደግሞ የላስታ ልጅ ነኝ። ያደግሁት ይህ ሁሉ በሞላበት አገር ነው።

ይምርሐነ ክርስቶስን ላላየ ሰው ልንገር። ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን በመኪና መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገን፣ የጽድ ደኑን ወጥተው ሲጨርሱ አንድ ሰፊ ዋሻ አለ። በዋሻው ውስጥ፣ እንደ ላሊበላዎቹ ከአለት ያልተፈለፈለ፣ እንጨትና ነጭ ኖራ በተነባበረበት ግድግዳ በአክሱም ስልት የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ያሳነጸው ከቅዱስ ላሊበላ በፊት የነገሠው፣ ንጉሥም ካህንም የነበረው የዛጔው ይምርሐነ ክርስቶስ ነው፤ ጥቅምት 19 ቀን ይታሰባል። ንጉሡ ሲቀድስ ኅብስቱና ወይኑ ከሰማይ ይወርድለት እንደነበር አባቶች ይተርካሉ። ይህን የሰሙ ምእመናን ከግብፅ፣ ከሶርያ፣ ከኢየሩሳሌም ድረስ መጡ፤ ወደ አገራቸውም አልተመለሱም። ከቤተ መቅደሱ ጀርባ፣ በዋሻው ጨለማ ውስጥ፣ አፅማቸው ተከምሮ ይገኛል። የአንዳንዱ ቆዳ ሳይፈርስ ደርቆ አሁን ድረስ አለ። ቁጥራቸው 5,740 ነው ይባላል።

እስቲ በባዕድ ዓይን እንየው። አንድ ሰው፣ ከሰማይ የሚወርድ ማዕድ፣ አገራቸውን ጥለው የመጡ ሺዎች፣ በአንድ ዋሻ የተከማቸ አፅም። ይህን ብቻ ሰምቶ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ምን ብሎ እንደሚጽፍ መገመት አያቅትም። እኔን ግን በልጅነቴ እናቴ እጄን ይዛ አሳልማኛለች፤ ዛሬም እሳለመዋለሁ። ታዲያ ይህ ቅዱስ ሆኖ፣ እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ገብቼበት የነበረው ማኅበር የስሕተት የሆነው በምኑ ነው? ከማኅበሩ ከወጣሁ በኋላ ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ጥያቄ ነበር።

ሙያዬ ሒሳብ ነው። አባቴ ባረፈ ጊዜ እዚያው አዲስ አበባ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሐዘኑ አልወጣልኝ ብሎ ስብሰለሰል ያየች የሥራ ባልደረባዬ "አንድ ጸሎት ቤት ልውሰድሽ" አለችኝ። ከከተማው ዳር፣ የኪራይ ግቢ ነው። መሪው ቢጫ ልብስ ይለብሳሉ፤ ሁሉም "አባታችን" ይሏቸዋል። (እስካሁን "እሱ" ማለት አልሆነልኝም፤ አንደበት ከልብ ዘግይቶ ነው የሚወጣው።) ከየትኛው ገዳም እንደመጡ፣ ማን እንዳመነኮሳቸው የጠየቀ ሰው አላየሁም። "በበረሃ ነው የኖሩት" ይባላል፤ በረሃ ደግሞ ማኅተም የለውም።

እዚያ ደስተኛ ነበርኩ። ከዚያ የወጣ ሰው ሁሉ ስለ ፍርሃቱና ስለ በደሉ ያወራል፤ ይህን ግን አፍኖ ያስቀራል። በደብር ቅዳሴ አስቀድሼ ስወጣ ስሜን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረኝም። እዚያ ግን ብታመም የሚጠይቀኝ፣ ብቀር የሚፈልገኝ ነበር። ገንፎ ተሠርቶልኝ መጥቷል። ሌሊቱን ስንዘምር አድረን ጠዋት ሥራ ስገባ ድካም አይሰማኝም ነበር። እነዚያ ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ አብዛኞቹን ዛሬም እወዳቸዋለሁ። ስለዚህ "እዚያ ፍቅር አለ" ብሎ የሚከራከር ልጅ ካላችሁ አትሳቁበት። እውነቱን ነው።

ተአምርም አይቻለሁ። "አባታችን" ለማንም ያልነገርኩትን ነገር በጆሮዬ ነግረውኛል። እንዴት እንዳወቁት እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ለማወቅ መሞከሩንም ትቻለሁ። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 13 ይህን ጉዳይ ከሥሩ ይቆርጠዋል። ነቢይ ነኝ ባይ ምልክት ቢሰጥና ምልክቱ በትክክል ቢፈጸም እንኳ፣ ወደ ሌላ አምላክ የሚመራ ከሆነ አትስሙት ይላል። ሙሴ ተአምሩ ውሸት ነው ብላችሁ አረጋግጡ አላለም። ተአምሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ሰውዬው ወዴት ይወስዳችኋል የሚለው ነው። እኛ ግን ነገሩ መድረሱን ካየን በኋላ መንገዱን አንጠይቅም።

መንገዱ የጀመረው በንስሐ ነው። የአጥቢያ ካህናት ዓለማውያን ሆነዋልና ከእንግዲህ ንስሐችሁ ለእኔ ነው ተባልን። ነገሩ የቅድስና መሰለን። ለካ ምስጢራችን፣ ገንዘባችንና ትዳራችን በአንድ እጅ መግባቱ ነበር። የንስሐን ምስጢር ያወጣ ካህን ከክህነቱ ይሻራል ተብለን ነው ያደግነው። በእኛ ማኅበር ግን የነገርነው ኃጢአት ስም ሳይጠራ በስብከት ውስጥ ይመጣል። አንዷ ዓይኗን ትደፋለች፤ ሌላው ያልባል። ሁላችንም "መንፈስ ገለጠላቸው" እንላለን። ተናዛዡ ራሱ ሰኞ ዕለት እንደነገራቸው እያወቀ እንዲያ ይላል። እኔም ብያለሁ።

ስለ ገንዘቡ ትንሽ ልቆይ፤ የሙያዬ ነገር ስለሆነ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በመሥሪያ ቤቴ የታክሲ ሒሳብ እንኳ ያለ ደረሰኝ አይወራረድም። ማኅበሩ ውስጥ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ሳለ ግን አሥራቱን፣ ስእለቱን፣ አባላቱ ከሸጡት ወርቅ የመጣውን በአንድ ደብተር እጽፍና ደብተሩ ሲሞላ "አባታችን" ፊት አቃጥለው ነበር። ምክንያታቸው ጌታ ስለ ምጽዋት ያስተማረው፣ ስለ ቀኝና ግራ እጅ ያለው ቃል ነበር። በደንብ የተመረጠ ጥቅስ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ለኢየሩሳሌም ድኾች የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲልክ ብቻውን አልያዘውም። በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጡ ወንድሞች አብረው እንዲሄዱ አደረገ፤ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳይኖርበት መሆኑንም በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 8 ላይ በግልጽ ጽፎታል። ሐዋርያ ሆኖ ምስክር ፈለገ። የእኛ ሰው ከሐዋርያው በላይ ታማኝ መሆን ነበረባቸው ማለት ነው። በደብር ሌብነት የለም እያልኩ አይደለም። አለ፤ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ደብሩ ሰበካ ጉባኤ አለው፣ ደረሰኝ አለው፣ ሌባውን "ሰረቅህ" ብሎ የሚከስ አለ፣ የሚሰማም ሀገረ ስብከት አለ። እኛ ዘንድ ከሳሽም ዳኛም የሒሳብ ሹምም አንድ ሰው ነበሩ።

ቀጥሎ ቀን ተቆረጠ። ከተማዋ በእሳት ትጠፋለች፤ ንጉሥ ቴዎድሮስ ይነሣል፤ ከማኅበሩ ውጭ ያለ አይተርፍም። የቴዎድሮስ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። ፍካሬ ኢየሱስ ከሚባለው የትንቢት መጽሐፍ ጋር ስንወራረሰው የኖርነው ተስፋ ነው፤ የቋራው ካሣ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሥ ስሙን ቴዎድሮስ ያለው በዚሁ ነው። ተስፋው በሕዝቡ ልብ ስላለ ማንም መጥቶ የራሱ ያደርገዋል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ግድም ዘክርስቶስ የሚባል ሰው በአማራ ተነሥቶ "እኔ ክርስቶስ ነኝ" ማለቱ፣ ከተገደለም በኋላ ተከታዮቹ በስሙ የራሳቸውን ካህናት ሾመው መቀጠላቸው በታሪክ ተጽፏል። በእኛ ዕድሜም፣ በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. ግድም፣ ነቢዩ ኤልያስ መጥቷል የሚሉ፣ ባለ ሦስት ቀለም ማተብ ያሰሩ ሰዎች በአዲስ አበባ ሲያነጋግሩ አይተናል።

የተቆረጠው ቀን መጣ፣ አለፈ። ምንም አልሆነም። በሚቀጥለው ጉባኤ "የዘገየው በእናንተ ኃጢአት ነው" ተባለ፤ እኛም አለቀስን። ቀኑን የቆረጡትን ሰው የጠየቀ የለም። ቤቷን ሸጣ ያስረከበች አንዲት እናት ከሁላችንም በላይ ታለቅስ ነበር።

ከዚያ ከወጣሁ በኋላ ስለ ካኑንጉ አነበብኩ። በዩጋንዳ፣ ካኑንጉ በሚባል ቦታ፣ የአሥርቱ ትእዛዛት መመለስ ንቅናቄ የሚባል ማኅበር ነበር። መሪዎቹ ጆሴፍ ኪብዌቴሬና ክሬዶኒያ ምዌሪንዴ ነበሩ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ የተለየ የካቶሊክ ቄስም አብሯቸው ነበር። እመቤታችን ተገልጣልናለች ይሉ ነበር። አባላቱ ይጾማሉ፣ ንብረታቸውን ሸጠው ያስገባሉ፣ በሐሰት እንዳይመሰክሩ ብለው መነጋገር ትተው በምልክት ይግባባሉ። ዓለም በ1999 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ያልፋል ተባለ፤ አላለፈም። ንብረታችንን መልሱልን የሚሉ ድምፆች ተነሡ። መጋቢት 8 ቀን 1992 ዓ.ም. ሰዎቹ የተሰበሰቡበት የጸሎት ቤት ተዘግቶ ተቃጠለ። ኋላም ማኅበሩ በነበረባቸው ሌሎች ግቢዎች የተቀበሩ አስከሬኖች ተገኙ። የሞቱት በመቶዎች ይቆጠራሉ፤ ልጆችም ነበሩባቸው።

ሳነብ እጄ የተንቀጠቀጠው በእሳቱ አልነበረም። በዝምታው ነው። የእኛን ዝምታ ከመነኮሳት አርምሞ ለይቼ አላየውም ነበር። እኛም ከጉባኤ ውጭ እርስ በርሳችን እንዳናወራ ታዘን ነበር፤ ሐሜት ኃጢአት ነውና። ሐሜት ኃጢአት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለት ሰዎች ካላወሩ "ያንቺም ወርቅ ተወስዷል?" የሚባባሉበት ቀን አይመጣም። መነኩሴ ዝም የሚለው ራሱን ለመስማት ነው፤ እኛን ዝም ያሰኙን እርስ በርስ እንዳንሰማማ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በኬንያ ማሊንዲ አቅራቢያ፣ ሻካሆላ በሚባል ጫካ፣ ከ400 በላይ አስከሬን ተቆፍሮ ወጣ። ፖል ማኬንዚ የተባለው ሰባኪ ጌታን ለማግኘት እስከ ሞት ጹሙ ብሎ አስተምሯል ተብሎ ተከሰሰ፤ እሱ ክሱን ክዷል። በዚያው ዓመት የዩጋንዳ ፖሊስ ከ80 በላይ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ተከታዮች በአርባ ቀን ጾም ጌታን እናገኛለን ብለው ወደ ኢትዮጵያ መሄዳቸውን አሳወቀ። ወደ እኛ አገር! ጾም የተከበረበት ምድር ላይ ሐሰተኛ ጾም በቀላሉ አይታወቅም።

ከቀኑ ማለፍ በኋላ፣ የገና በዓል ሰሞን፣ ማኅበሩ ወደ ላስታ ጉዞ አደረገ። የአገሩ ልጅ ስለሆንኩ መሪ ሆንኩ። ላሊበላን ተሳልመን ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ወጣን። ከቤተ መቅደሱ ጀርባ አፅሙ ጋ ስንደርስ "አባታችን" ሰበኩ። እነዚህ እንደ እናንተ የተመረጡ ነበሩ፤ አባት እናታቸውን ትተው መጡ፤ አንዳቸውም ወደ ኋላ አልተመለሱም፤ የተመለሰ ቢኖር ኖሮ አፅሙ እዚህ ባልከበረ ነበር አሉ። አለቀስን። እንግዲህ ለእኛ መውጣት ማለት ከእነዚያ ቅዱሳን አፅም መለየት ሆነ።

በዚያ መካከል አንድ የደብሩ አረጋዊ ካህን መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ይሰሙ ነበር። ስብከቱ ሲያልቅ ቀረብ አሉን።

"ከየት ናችሁ ልጆቼ?"

"ከአዲስ አበባ ነን አባ።"

"እግዚአብሔር ያክብራችሁ። አጥቢያችሁ የት ነው?"

ሁላችንም ተያየን። አንዱ ወንድማችን ደረቱን ነፍቶ "እኛ የአባታችን ልጆች ነን" አለ።

"ደግ ነው" አሉ ካህኑ። "አባታችሁስ የማን ልጅ ናቸው?"

ክፋት አልነበረበትም። በላስታ እንግዳ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው፤ የማን ልጅ ነህ፣ የንስሐ አባትህ ማን ነው፣ ከየት ደብር ነህ። ማንም ካህን እጁን ጭኖ ሥልጣን ከሰጠው ጳጳስ ውጭ አይቆምም፤ ጳጳሱም ከሲኖዶሱ ውጭ አይቆምም። ይህ ሰንሰለት ለሹመት ጌጥ የተሠራ አይደለም። ስትሳሳት "ተሳሳትህ" የሚልህ ከበላይህ እንዳለ ማሳያ ነው። "አባታችን" ግን ፊታቸው ጠቆረ። መልስ ሳይሰጡ ወጡ፤ ደኑን ስንወርድም "ቦታው ረክሷል፣ ጸጋው ተለይቶታል፣ ከእንግዲህ እዚህ አትምጡ" አሉን። ከአፅሙ ሥር ያስለቀሱን ሰው ሰዓት ሳይሞላ ያንኑ ቦታ ረከሰ አሉት። እናቴ እጄን ይዛ ያሳለመችኝን ቦታ! ያን ጊዜ አልወጣሁም። ግን በውስጤ አንድ ነገር ተሰነጠቀ።

የተሰነጠቀውን እያየሁ ነው ቀስ በቀስ መልሱ የታየኝ። የንጉሡ ታሪክ እንደምንሰማው ሰዎቹ ከሩቅ መጡ፣ በቦታው ኖሩ፣ አረፉ ይላል። እንዳይመለሱ በራቸው ተዘጋ፣ ለዘመድ እንዳይልኩ ተከለከሉ አይልም። ንጉሡም ምንም ያህል ቢከብር ቤተ ክርስቲያን ከሌሎች ቅዱሳን ጋር በተራው ታስበዋለች እንጂ ከእሱ ውጭ መዳን የለም አትልም። ጾሙም ራእዩም መታዘዙም በሁለቱም ቦታ አለ። ልዩነቱ በሩ ነው፤ መውጣትም መጠየቅም በሚቻልበት ቤት ጾም ጾም ነው፣ በማይቻልበት ቤት ግን ያው ጾም እስር ቤት ይሆናል።

አበው ይህን ቀድመው አስበውበታል። ከክርስትና ቀደምት ጽሑፎች አንዱ ዲዳኬ ነው፤ ስለ ተጓዥ ነቢያት የሚናገረው ክፍሉ በእኛም ቤተ ክርስቲያን መጽሐፈ ሲኖዶስ ውስጥ ይገኛል። ለእንግዳ ሐዋርያና ነቢይ የሰጠው መመዘኛ ምሥጢራዊ አይደለም። መጥቶ አንድ ቀን፣ ካስፈለገም ሁለት ቀን ይቆይ፤ ሦስተኛ ቀን ከሰነበተ ሐሰተኛ ነው። ሲሄድ ከስንቅ በቀር ገንዘብ ከጠየቀ ሐሰተኛ ነው። በመንፈስ ሆኜ ነው ብሎ ማዕድ አዝዞ ራሱ ከበላ ሐሰተኛ ነው። ስለ ድምፁ ማማር፣ ስለ ትንቢቱ መድረስ የሚል የለም፤ ሆዱን፣ ኪሱንና ቆይታውን እዩ ነው የሚለው። ጳውሎስም የቆሮንቶስን ሰዎች ሲወቅስ፣ ባሪያ የሚያደርጋችሁን፣ የሚበላችሁን፣ የሚዘርፋችሁን፣ ፊታችሁን በጥፊ የሚመታችሁን ትታገሣላችሁ ይላቸዋል፤ በሁለተኛው መልእክት ምዕራፍ 11 ነው። ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት ሆኖ ግቢያችንን ያየ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ፤ ስያሜውን ለመለጠፍ የሚቸኩሉ አሉና። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉ መነኮሳት ለንጉሥ አንሰግድም በማለታቸውና በሌላም ሃይማኖታዊ ክርክር በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ምላስና አፍንጫ እስከ መቆረጥ ተሰቃይተዋል፤ መናፍቃን ተብለው። ገድላቸውን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ወደ አማርኛ መልሰው አሳትመውታል። ያን ሳነብ ያየሁት በእጃቸው ሥራ የሚኖሩ፣ ባሏቸው ነገር ሁሉ በአደባባይ ለመጠየቅ የቆሙ ሰዎችን ነው። በሃሳባቸው መስማማት አይጠበቅብኝም። ግን ጥቂት መሆን፣ ከብዙኃኑ መለየት፣ በባለሥልጣን መወገዝ ብቻውን የሐሰት ማኅበር አያደርግም። ቢጫ ልብስና በረሃም እንዲሁ። ኮትና ከረባት ለብሰው በአዳራሽ "ነቢይ" ተብለው፣ ቅባት ሸጠው፣ የተጠራጠረውን በማይክሮፎን የሚያሳፍሩ አሉ፤ እነሱም የዚያው ወገን ናቸው። ጉዳዩ የኦርቶዶክስ ወይም የፕሮቴስታንት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ያወጣኝ ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት አልነበረም። አክስቴ ላሊበላ አረፈች። ልጅ ሆኜ ያዘለችኝ አክስቴ ናት። ፈቃድ ስጠይቅ "አባታችን" ሙታንን ለሙታን ስለመተው የተነገረውን ቃል ጠቅሰው ከለከሉኝ። ለእናቴ ደውዬ "ጉባኤ አለብን፣ አልመጣም" አልኳት። እናቴ ጥቂት ዝም አለችና "ልጄ፣ አንቺ የምትጸልዪለት አምላክ አክስትሽን አልፈጠራትም?" አለችኝ። ስልኩን ዘጋች።

ያን ሌሊት የዮሐንስ ወንጌልን ምዕራፍ 11 ከፈትኩ። ሞትን ሊሽር የመጣው ጌታ ቢታንያ ለቅሶ ሄዷል። አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ ከእህቶቹ ጋር አልቅሷል። በማርቆስ ምዕራፍ 7 ደግሞ ለአባትና ለእናት የሚገባውን "ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው" በሚል ሰበብ የሚነፍጉትን ጻፎች ይነቅፋቸዋል። እሱ ያለቀሰበትን ቦታ እኔ የምከለከል ከሆነ፣ የከለከለኝ እሱ አይደለም። ሌላው ማስረጃ ሁሉ በምክንያት ሲሸሸግ የኖረ ሲሆን ይህ ግን በየትኛውም ጥቅስ ሊሸፈን አልቻለም። በማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ቀብሩ አምልጦኛል። ለሠልስቱ ግን ደርሻለሁ። የቅሬው (የእድሩ) ሰዎች ድንኳን ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ማንም የት ነበርሽ አላለኝም። ቦታ ለቀው አስቀመጡኝ፤ ንፍሮና ጠላ ቀረበልኝ። የእናቴ ንስሐ አባት ከአጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ምንም አልሰበኩኝም። ሲነሡ ብቻ "መቼ ትመጪያለሽ?" አሉኝ፤ ለንስሐ ማለታቸው ነው። "እንደፈቀዱ አባ" አልኳቸው። "እንደፈቀድሽ በይ" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ማኅበሩ ረገመኝ፤ ስልኬን ያገኙ ሁሉ የዲያብሎስ መሣሪያ ሆነሻል አሉኝ። ለወራት ያህል የራእይ መዓት ይመጣብኛል ብዬ ስንቀጠቀጥ አሳልፌያለሁ። የሒሳብ ደብተሩ ስለተቃጠለ ገንዘባቸውን ለሚጠይቁ ሰዎች የማሳየው ማስረጃ የለኝም፤ ይህ ዛሬም ያመኛል። ያቺ ቤቷን የሸጠች እናት አሁንም እዚያው ናት። ብትወጣ ሁሉ ነገር በከንቱ እንደጠፋ ማመን ይኖርባታል፤ በዚያ ዕድሜ ቀላል አይደለም።

ለእናንተ፣ ልጃችሁ ወይም እህታችሁ እንዲህ ባለ ቤት ለገባችባችሁ፦ ስለ ትምህርታቸው አትከራከሯት፤ ክርክሩን ቀድመው አስለምደዋታል። ይልቅ ጥያቄ ጠይቋት፤ አባታችሁ የማን ልጅ ናቸው? የሰጣችሁት ገንዘብ ለማን ይቆጠራል? ከወጣሽ ምን ትሆኛለሽ? መልሱን አትጠብቁ፤ ጥያቄው ብቻ ይቀመጥባት። ለቅሶም ሠርግም ሲኖር ጥሯት፣ ብትቀርም እንደገና ጥሯት። እናቴ ያን ሌሊት ስልኩን ዘጋችው እንጂ በማግስቱ ራሷ ደውላለች። እናንተ አባቶች ካህናት ደግሞ፣ እግዚአብሔር ያክብራችሁና፣ ቅዳሴ ሲወጣ በር ላይ ቁሙ፤ ብቻዋን የምትሄደውን ልጅ ስሟን ጠይቋት። እኔን የጠየቀኝ ሌላ ሰው ነበር።